ውሃ አትስጡ ያልኩት እኔ ነኝ

ዶክተር አይደለሁም። ይህን ስናገር ትሕትና የሚመስላቸው አሉ፤ ትሕትና ከየት አባቱ ይመጣል! ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ቀቃይ፣ ክኒን ቆጣሪ። ሁለት ክፍል ባላት የቆርቆሮ ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ እቆም ነበር። በጃንሆይ ዘመን ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ወደ ላይ ብትወጡም ወደ ታች ብትወርዱም ዶክተር የሚባል ሰው በቀላሉ አይገኝም ነበርና ሕዝቡ «ሐኪም» አለኝ። መጀመሪያ «ኧረ ተዉ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» እል ነበር። በኋላ ሰለቸኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጣመኝ።

አሁን አሁን በከተማ «የቤተሰብ ሐኪም» የሚባል ነገር መጣ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አንድ ወረቀት ሳልፈርም ስንት ቤተሰብ ነበረኝ መሰላችሁ! የከተማዋ ባለሆቴሎች፣ የጭነት መኪና ረዳቶች፣ በወንዙ ዳር ማሽላና ጥጥ የሚያርሱ የይፋት ገበሬዎች፣ ሁሉም «የኛ ሐኪም» ነበር የሚሉኝ። ማን ክኒን መዋጥ እንደማይሆንለት፣ የማን ሚስት መርፌ ስታይ እንደምትወድቅ፣ ማን ከዓመት በፊት የሰጠሁትን መድኃኒት በጨርቅ ቋጥሮ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ከማለታቸው በፊት እጅጌያቸውን ሰብስበው እባጭ ያሳዩኛል። ምሳዬን በሰላም በልቼ አላውቅም። እቆጣለሁ፣ እሳደባለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ። «ደገኛው ዛሬም ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጣበት» ይባባላሉ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የዚያን ቆላ ሙቀት በዚያ ሁሉ ዓመት አልለመድኩትም።

ከእነዚያ ቤቶች ሁሉ አንዱን አብልጬ እወድ ነበር። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስበት መንደር ውስጥ ነው። አባወራው በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሚስታቸውን «እትዬ»። ሁለት ወንዶች ልጆች በወባ ሞተውባቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀርታላቸው ነበር።

ጋሼን የምወዳቸው የነገርኳቸውን ስለሚያደርጉ ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌላው ሰው ፊቴ «እሺ» ይላል፤ ዞር ስል የራሱን ያደርጋል። ጋሼን ሽንት ቤት ይቆፍሩ አልኳቸው፤ መንደሩ ሳቀባቸው፣ እሳቸው ቆፈሩ። ክኒኑ ለሰባት ቀን ነው ካልኩ ሰባት ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን ድነው እርሻ ቢወርዱም ሰባተኛውን ቀን አይዘሉም። «ሐኪም ብሏል» ካሉ አለቀ፤ በዚያ ቤት ይግባኝ የለም። በዚያ ሀሩር ሁለት ሰዓት ወርጄ እሳቸው ደጅ ስደርስ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልጅቷ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ያዛት። እኔ ገና ከሥልጠና መውጣቴ ነው። የተማርኩትን አደረግሁ። ክኒን ሰጠሁና «አንጀቷ ይረፍ» አልኩ። «ተቅማጡ እስኪቆም ውሃ የሚባል ነገር እንዳትሰጧት። ከላይ ባስገባችሁ ቁጥር ከታች ይወጣል።» እንዲህ ነበር ያስተማሩን፤ ለጆሮም ልክ ይመስላል። ልጅቷ ውሃ ውሃ እያለች ስትጮህ እትዬ አለቀሱ፤ ጋሼ ግን እንስራውን ከቤት አወጡት። በማግስቱ ቆመላት። አሁን ሳስበው፣ ሊቆም የነበረ ነገር ነው የቆመው፤ ክኒኑም እኔም ያደረግነው ነገር የለም። ያን ጊዜ ግን በመንደሩ ስሜ ተጠራ። ሆዱ ለሄደ ሰው ውሃ አይሰጥም የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። እኔም በየቤቱ ስዞር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ አስተማርኩ። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ፤ ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ከባሕር ማዶ ተነስቶ አገር ላገር እየዞረ ነው ተባለ። ከበላይ የደረሰን ደብዳቤ ስሙን እንኳ በደንብ አልጻፈውም፤ «ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ሁኔታ» ይላል። ሁኔታ! ጠዋት በእግሩ እርሻ የወረደ ሰው ከሰዓት በቃሬዛ ይመለሳል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የጣቶቹ ቆዳ ተጨማዷል፣ ድምፁ ጠፍቷል። የዐሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ አምጥተውልኝ ፊቱን አይቼ «አባታችሁ ናቸው?» ብዬ ጠይቄያለሁ።

የደሴ መንገድ ላይ ኬላ ተጣለ። ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖች ከነጭነታቸው ቆሙ፤ ገበያም ተከለከለ። በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ሰው በሰው ላይ ተኛ። ያለነው እኔና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነን፤ እሷ ትጠርጋለች፣ እኔ እወጋለሁ። ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። መርፌ ጥጄ አሸልባለሁ፤ ውሃው አልቆ መርፌዎቹ ሲያሩ ሽታው ይቀሰቅሰኛል። አንድ ቀን አንዱን በሽተኛ ሁለት ጊዜ ወጋሁት፤ እሱም ምስኪን ሁለተኛውን ደግነት መስሎት አመሰገነኝ። ይህን ስጽፍ ራሱ ይደክመኛል። ያ ድካም ከአጥንቴ የወጣ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ከላይ አንድ ዶክተር በላንድሮቨር ወርዶ የአካባቢውን ድሬሰሮች ትምህርት ቤት ውስጥ ሰበሰበን። ስድስት ነበርን፤ ከአጣዬም ከካራቆሬም የመጡ አሉ። በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ዶክተሩ ያመጣው ግሉኮስ ትንሽ ስለሆነ፣ በደም ሥር የሚሰጠው መጠጣት ላቃተው ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረን። «ሌላው ይጠጣ» አለ። «በፈላ ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው፣ እፍኝ ስኳር። የወጣውን ያህል ይግባ። ቢያስመልሰውም ይጠጣ። ይህ በሽታ ሰውን አድርቆ ነው የሚገድለው።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ሕመምተኛ ውሃ እየከለከሉ የሚያስገድሉ ድሬሰሮች አሉ ሲባል ሰማሁ። ከናንተ መሃል አለ?» ሲል ጠየቀ።

ስድስታችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። አንደኛው አሳለው። ሌላው እርሳስ ወደቀብኝ ብሎ ዴስኩ ሥር ገባ፤ ዶክተሩ ሌላ ወሬ እስኪጀምር አልወጣም።

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህን ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁም እንዴ! ብዬ ልጮህበት ከጅሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግን የዘጠኝ ዓመት ቤቶቼ አንድ ባንድ ዓይኔ ላይ መጡ። ስንት ደጅ ቆሜ ነው «ጠብታ እንዳትሰጡ» ያልኩት? ስንቱ ልጅ ሳላውቀው ሞቷል? መቁጠር ጀመርኩና ፈርቼ ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማውን ቤት ሁሉ ዞርኩ። አዟዟሬን ግን ስሙት። «ተሳስቼ ነበር» አላልኩም። «አዲስ መድኃኒት መጥቷል» ነው ያልኩት። ጨውና ስኳሩን ቀላቅዬ፣ እንደ ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ኮስተር ብዬ አድላለሁ። «መርፌ የለም እንዴ ሐኪም? በሻይ ስኳር ልታድነን ነው?» አለችኝ አንዲት ባለሆቴል። ብታጉረመርምም ባሏን አጠጣችው፤ ዳነ። ስሜም አብሮ ዳነ። እንዲያውም «አዲስ መድኃኒት ያመጣው ሐኪም» ተባልኩ፤ ሁለቱንም ማትረፌ ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ዘንድ ግን አልወረድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ደክሞኝ ነው እላለሁ። ደክሞኝም ነበር፤ እግሬ አብጦ ጫማዬን ማሰር ተስኖኝ ነበር። ግን ለዚያ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ባለሆቴሏን በወረቀት ጥቅል ማታለል ይቻላል። ጋሼ ግን ቃል በቃል የሚይዙ ሰው ናቸው። «ያን ጊዜ አትስጡ ብለኸን አልነበር?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ከመንደራቸው ክኒን ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው አገኘሁና መልእክት ላክሁበት። «ለጋሼ ንገርልኝ፤ ሆዱ የሄደ ሰው ካለ ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ ያጠጡ፤ ሐኪም ብሏል በል» አልኩና ጥቅሉን ሰጠሁት። ቀድሞ ያልኩት ስሕተት ነው የሚለውን ግን አልጨመርኩበትም። ሁለት ቃል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከዚያ መንደር ሰዎች መሞታቸውን ሰማሁና ጠዋት በማለዳ ራሴ ወረድኩ። ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ የሚጠብቅበት ሰው የለም። ማማዎቹ ላይ ማንም አልነበረም፤ ወፉ እንደ ልቡ ይበላል። መንደሩ ጫፍ ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ አገኘኋቸው። ጋሼ መሃላቸው ነበሩ። እጃቸው አፈር ነው።

«ልጄ ሄደች፣ ሐኪም» አሉኝ።

ያቺ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት፣ በየጥቅምቱ ወባ ሲይዛት ክኒኑ ይመራል ብላ ምላሷን እያወጣች የምታሾፍብኝ ልጅ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር ተቀመጥን። ሌሎቹ ለወግ ያህል ራቅ አሉ።

«መቼ ያዛት?» አልኩ።

«ትናንት ከቀትር በኋላ። ዛሬ ፈጅር ሳንሰግድ ሄደች።»

«መልእክቴ አልደረሰም?»

«ደርሷል እንጂ» አሉ ጋሼ። «ሰውየው መጥቶ ‹ሐኪም ውሃ አጠጡ ብሏል› አለኝ። ውሸታም! አልኩት። ሐኪሙን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? እሱ በገዛ አፉ የነገረኝን በአንተ አፍ ላፈርስ? ብዬ ጥቅሉን ወረወርኩለት። ልጅቷ ለምናኝ ነበር። ‹አባ፣ አፌን ብቻ አርጥብልኝ› አለች። እንስራው እንዳይታያት ወደ ደጅ አወጣሁት። እኔም ፊቷ ላይ እንዳልጠጣ ብዬ አብሬያት ተጠማሁ። ከቃልህ ንቅንቅ አላልኩም። ደግ አደረግሁ አይደል?»

ይህን ሲጠይቁኝ ቁጣ የለባቸውም። የተሰጠውን ሥራ ጨርሶ ለአሠሪው እንደሚያሳይ ሰው ነው ያዩኝ።

መልስ ሳልሰጥ ከቤት ውስጥ የማስመለስ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ናቸው። ከወንዙ ማዶ እህታቸው ሞታባቸው ልጅቷንና አባቷን ቤት ትተው ለቅሶ ሄደው ነበር፤ በዚያው ታመው፣ ልጅቷ በምትቀበርበት ጠዋት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የልጇን ነገር አልነገርናትም። አጎቷ ዘንድ ልከናታል ብለናል» አሉኝ። በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስኪያገግም ይደበቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው።

ገባሁ። እትዬ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አጠገባቸው አንዲት ጎረቤት ተቀምጣ በነጠላ ዝንብ ትከላከላለች። እትዬ በማይሰማ ድምፅ «ውሃ» አሉ። «አይሆንም እትዬ፣ ሐኪም ከልክሏል» አለች ሴትየዋ። ቀና ስትል አየችኝና ፊቷ ፈካ። «ይኸው እሱ ራሱ መጣልሽ!»

እዚያ በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መውጫ ቀዳዳ ነበረኝ። «ውሃው ለትልቅ ሰው ነው፤ ለልጅ ግን አይሆንም» ብል በቃ። እትዬ ይጠጣሉ፣ ይድናሉ። ጋሼም ልጃቸውን በሚገባ አስታምመው እንደቀበሩ አምነው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የእኔም ስም ይተርፋል። ማንም አይጎዳም! አፌን ከፍቼ «ውሃው እኮ ለትልቅ ሰው...» ብዬ ጀምሬ ነበር።

ከአጥር ማዶ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ልቅሶም አይባልም፤ እንባ የሌለው ደረቅ ሲቃ ነው። «ያስ ማነው?» አልኩ።

«የኔው ልጅ ነው» አለች ሴትየዋ። «ከትናንት ጀምሮ ሆዱ እየሄደ ነው። አታስብ፣ ጠብታ አላቀመስነውም።»

ጋሼን በክንዳቸው ይዤ ወደ ግራሩ መለስኳቸው። «ጋሼ፣ መልእክተኛው አልዋሸም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዛሬ አይደለም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ። ውሃ መስጠት ነበረብዎ። ለልጅም፣ ለትልቅም። አውቄም ሳበቃ ራሴ መጥቼ አልነገርኩዎትም፤ አፍሬ ነው» አልኳቸው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተፋሁት።

ጋሼ መዳፋቸውን አዩ። «ብትጠጣ ትድን ነበር?» አሉ።

«ትድን ይሆናል» አልኩ። ያቺ «ይሆናል» ራሷ ፈሪነት ናት። ልጅቷ ጠንካራ ነበረች፤ ስኳሩም ጨውም ደጃፏ ደርሶ ነበር።

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ በወደድኩ፤ ቢያንስ አንድ ነገር ይቀለኝ ነበር። አልመቱኝም። እጃቸውን ታጠቡ፤ ሄደው እንስራውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ ቤት አስገቡና «ስንት ስንት ላጠጣት?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ ልኩን ከእኔ ጠየቁ። ውሃው እስኪፈላ ሴትየዋን ጥቅል አስይዤ ወደ ልጇ ሰደድኳት፤ ፈልቶ ሲበርድ ጋሼ የሚስታቸውን አንገት በክንዳቸው ደግፈው በጣሳ ማጠጣት ጀመሩ። ሲያስመልሳቸው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያጠጣሉ። እስከ ከሰዓት ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሱም።

እትዬ ዓይናቸው ሲገለጥ ጋሼ ተነስተው «ና እንሂድ» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የመንደሩን ቤት ባንድ በኩል ጀምረን ዞርን። በየደጁ ቆመው ይናገራሉ፤ «ሐኪሙ ተሳስቶ ነበር፤ አሁን አውቋል። እኔ ልጄን ውሃ ከልክዬ ቀበርኳት። እናንተ ስጡ።» ከዚህ ሌላ አይጨምሩም። እኔ ከኋላቸው አንገቴን ደፍቼ ጥቅሉን አድላለሁ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ጋሼ እንዲህ አይበሉ፣ አጀሏ፣ የተቆረጠላት ቀን ደርሶ ነው» አሏቸው። «አጀሏን አላህ ያውቃል» አሉ ጋሼ። «ውሃውን የከለከልኳት ግን እኔ ነኝ።» የተከራከረ ሰው አልነበረም። በየቤቱ እሳት ተያያዘ፣ ውሃ ተጣደ። እኔ በዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩትን እሳቸው በአንድ ከሰዓት አፈረሱት።

በየቤቱ ሲሰናበቱ ግን አንድ ነገር ያስምሏቸዋል። «ይህን ለእናቷ የሚነግር አላህ ይፍረድበት» ይላሉ። ሁሉም ማለ፤ እኔም ሳልጠየቅ ማልኩ።

የጎረቤቷ ሕፃን ተረፈ፤ ከዚያ ወዲያ በመንደሩ የሞቱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም አርጅተው ነበር። እኔ በየሁለት ቀኑ እወርድ ጀመር። በከተማው ያለው ሥራ አልቀነሰም፤ ግን እወርዳለሁ። ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ፦ እትዬ መርዶውን ይችሉት እንደሆነ መፍረድ። ጋሼ ደጅ ላይ ያገኙኝና «ዛሬስ?» ይሉኛል። የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጬ ደማቸውን አያለሁ፣ ወጥቼ «ገና ነው» እላለሁ። ሰውየው ኀዘናቸውን በሆዳቸው ይዘው እየሳቁ ሲያስታምሙ ማየት እንዴት ያደክማል መሰላችሁ! እትዬ ደግሞ አላስቀምጥ አሉን። «አጎቷ ዘንድ ምን ታደርጋለች እስካሁን? ፀጉሯን ማን ይሠራታል? ሴት የሌለበት ቤት ነው እኮ፣ ቅማል ይበላታል።» እኔ ሙቀት እየለካሁ መሬት መሬቱን አያለሁ። እቆጣ የነበረው ሰው፣ እሳደብ የነበረው ሰው፣ ድምፄ ጠፋ።

እያመነታሁ ከሁለት ሳምንት በላይ አቆየኋቸው። በመጨረሻ እትዬ በእግራቸው ደጅ መውጣት ሲጀምሩ «ነገ ይሁን» አልኩ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ ቢወድቁ ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የሽማግሌዎቹን እግር ገና ሲያዩ እትዬ አወቁት። መርዶውን ማንም በቃል አልጨረሰውም። የጮኹትን ጩኸት አልጽፈውም።

ረፋዱ ላይ ጩኸቱ ወደ ለሆሳስ ልቅሶ ሲወርድ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ጋሼ በሩ ጋ ተቀምጠዋል።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ፣ «እኔ ያንን በሽታ ቀምሼዋለሁ። ክፉው ሆዱ አይደለም፤ ጥማቱ ነው። ከማዶ በቃሬዛ ሲያመጡኝ ወንዙን ስንሻገር ውሃው ሲንሿሿ ሰማሁና ጣሉኝ፣ እዚሁ ጣሉኝ ብዬ ለመንኳቸው። ልሙት ግን ፊቴ ይንከር አልኩ። ልጄ... ልጄ እንደዚያ ተጠምታ ነው የሄደችው?»

ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ምሏል። የተጠየቅሁት ግን እኔ ነኝ። ጋሼ ቀና አላሉም። ከዚያች ግራር ሥር ከተናገርኩበት ቀን ወዲህ፣ ዳግመኛ በዚህ ነገር ለማንም አልዋሽም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

«አልተጠማችም፣ እትዬ» አልኩ። «አባቷ በእጃቸው ሲያጠጧት ነው ያደሩት።»

እትዬ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ፤ ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና ያቺን የደቀቀች እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «አንተ ካልክማ እውነት ነው» አሉኝ። ጋሼ ተነስተው ወደ ደጅ ወጡ።